ዝምድና በሥራ ይማራል፦ ልጆችን ከቤተሰብና ከምድር ጋር ስለሚያስተሳስረው አገር በቀል ዕውቀት

(በአዲስ አበባ ለአንደኛ ደረጃ መምህራንና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ? የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለ ልጆቻችሁ ለመነጋገር የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከፊት ለተቀመጣችሁት አረጋውያን ደግሞ የተለየ ክብር አለኝ፤ ዛሬ ከምናገረው አብዛኛው የእናንተ ዕውቀት ነውና የጎደለውን እንድትሞሉልኝ ከወዲሁ እለምናለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ አገር በቀል ዕውቀት ስለ ቤተሰብና ስለ ተፈጥሮ ትስስር የሚለውን ለልጆች እንዴት እናስተምር የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ልጅ ዝምድናን የሚማረው ስለ ዝምድና ሲነገረው ሳይሆን ዝምድናው የሚጠይቀውን ሥራ ሲሠራ ነው። ይህን ሐሳብ በመጀመሪያ ስለ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ስለ ምድር፣ በመጨረሻም ማን ያስተምር፣ የትስ ያስተምር በሚለው ላይ እየተናገርሁ አሳያችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አሁን ስለምንሠራው ነገር ጥቂት ልበል። ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ፣ ልጁን የአንዱን ሕዝብ ልብስ እናለብሰዋለን፤ ጭፈራ እናስጠናዋለን፤ ፎቶግራፍ እናነሣዋለን፤ በማግስቱ ልብሱ ወደ ተከራየንበት ቤት ይመለሳል። ልጆቹ ይደሰታሉ፣ ደስታቸውም ይገባቸዋል። ነገር ግን እስኪ ልጠይቃችሁ። የኮንሶን ልብስ የለበሰው ልጅ እኩያው በኮንሶ እርከን ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል? የሲዳማን ልብስ የለበሰችው ልጅ በዘመን መለወጫው በዓል፣ በፊቼ ጫምባላላ፣ ሽማግሌዎች ለሕዝቡ ምን ብለው እንደሚመክሩ ሰምታለች? ልብሱን አስለብሰናቸዋል፤ የልብሱ ባለቤት ለእናቱ፣ ለጎረቤቱና ለመሬቱ ያለበትን ግዴታ ግን አልነገርናቸውም። ግዴታው ከተነሣ ደግሞ የሚቀረው ጌጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

ያደግሁት ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማታ ማታ እሳት ዳር ሰብስበው የአባታችንን፣ የአያታችንን፣ የቅድመ አያታችንን ስም እያስጠሩ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሩን ነበር። መሐል ላይ የተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የዚህን ቆጠራ አንዱን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በአማራው ባህል እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም፤ ስለዚህም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የዘር ቆጠራው ይመረመራል። አያቴ ግን ስሙን ጠርተን እንድናልፍ ብቻ አይፈቅዱም ነበር። "የእርሳቸው ልጆች ዛሬ የት ናቸው? ማንኛቸው ታመው ነው ያልጠየቅናቸው? በመጪው አጨዳ ደቦ የሚወጣላቸው ማን ነው?" እያሉ ይጠይቁን ነበር። በየስሙ ሥር የሚኖር ሰው፣ በየሰውም ዘንድ የሚጠብቀን ሥራ ነበረ። አንድ ቀን ጠዋት የተነሣሁት ማታ በቆጠርሁት ስም ምክንያት ነው፤ አያቴ ከሌሊቱ ጥያቄ አስታውሰው ወንዝ ማዶ ለሚኖሩ አሮጊት ዘመዳችን እንጀራና ሽሮ አሸክመው ላኩኝ። እኒያን ሴት ከዚያ በፊት በስም ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ ደጃቸው ላይ ቆሜ "የማን ልጅ ነሽ?" ሲሉኝ ግን የማታው ቆጠራ አፌ ላይ ነበረ።

አንዳንድ ወላጆች "የእኛ ልጆች እኮ አያቶቻቸውን በስልክ ነው የሚያውቋቸው" ይሉኛል። ይሁን፤ በስልክም ቢሆን ሥራ ይስጧቸው። ልጁ ለአያቱ በየሳምንቱ የሚደውልበት ቀን ይኑረው፤ ሲደውል "ደህና ነኝ" ብሎ እንዳይዘጋ የሚጠይቀው ነገር ይኑረው፤ የጠየቀውን ለታናሹ ይንገር።

ስለ ቤተሰብ ስናስተምር በጣም ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በክፍላችን ውስጥ አባትና እናት ያላቸው ልጆች ብቻ አይደሉም ያሉት። በአክስት፣ በአያት፣ በታላቅ እህት፣ በጎረቤት የሚያድጉ አሉ። የአባትና የእናት ሣጥን ብቻ ያለውን "የቤተሰብ ዛፍ" አድለን "ሙሉ" ስንላቸው እነዚህን ልጆች በጓደኞቻቸው ፊት እናሳፍራለን። የእኛው አገር ባህል ከዚህ የተሻለ አስተሳሰብ አለው። የኦሮሞን ጉዲፈቻ ተመልከቱ፤ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ የአሳዳጊዎቹ ልጅ ይሆናል፤ በዘር ቆጠራቸው ይቆጠራል፤ ከተወለደው ልጅ ተለይቶ አይታይም። እንግዲህ ልጁን "አባትህ ማን ነው?" ከማለት ይልቅ "ያሳደገህ ማን ነው? አንተስ ለእርሱ ምን ታደርግለታለህ?" ብለን እንጠይቀው። ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል ልጅ በክፍላችሁ ውስጥ አታገኙም።

ሌላው ሳልናገር የማላልፈው ነገር የዚህ ዕውቀት ጨለማ ጎን ነው። ዘር መቁጠር ሰውን ከሰው ለማበላለጥም ውሏል። በብዙ አካባቢዎች ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ አንዳንዴም ከአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። ዕድሜያቸው ከፍ ላሉ ልጆች ይህንን ልንሸሽግ አይገባም። የአባቶቻችንን መልካም ነገር እንዲወርሱ የምንፈልግ ከሆነ የበደሉትንም እንዲያውቁ ማድረግ አለብን፤ እንዲያ ካልሆነ ልጁ ያደገ ዕለት የሸሸግነውን ራሱ ያገኘውና የነገርነውን ሁሉ ይጠራጠራል።

ከቤተሰብ ወደ ምድር ስንሸጋገር ኮንሶን ማንሣት ግድ ይለኛል፤ እዚያ ሁለቱ አንድ ናቸውና። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ይህ በድንጋይ የተካበ እርከንና በግንብ የታጠረ መንደር ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ያህል ሲያያዝ የመጣ ሥራ ነው። በየመንደሩ አደባባይ ትውልድ ሲተካ የሚቆም የእንጨት ምሰሶ አለ፤ ምሰሶዎቹን እየቆጠረ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ማወቅ የሚችል ሰው አለ። እርከኑ ደግሞ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። በየዓመቱ ዝናብ ያፈርሰዋል፤ ያልጠገነው ሰው አፈሩን ያጣል፤ ከእርሱ በታች ያለው ጎረቤቱም ይጎዳል። የኮንሶ ልጅ "ቅድመ አያቴ" ሲል ድንጋይ የካበ ሰው ማለቱ ነው፤ ያንን ድንጋይ ዛሬ በገዛ እጁ ይነካዋል። ለዚህ ልጅ የዘር ሐረግና የአፈር ጥበቃ ሁለት የተለያዩ የትምህርት ዓይነቶች አይደሉም።

ሁለተኛው ነጥብ ምድር ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

በወጣትነቴ በጌዴኦ አካባቢ አስተምሬአለሁ። ጌዴኦን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን የሰው ማሳ ነው። ከላይ እነ ብርብራና ዋንዛ ያጠላሉ፤ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ይበቅላል። የብርብራው ቅጠል ረግፎ አፈሩን ያዳብራል፤ ጥላው ቡናውን ይጠብቃል፤ እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል። በአገራችን ካሉት የገጠር አካባቢዎች ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አንዱ ጌዴኦ ነው፤ ሆኖም ተራራው አረንጓዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

በዚያ አገር አንድ መምህር በአካባቢ ሳይንስ ፈተና ላይ "የዛፍን ጥቅሞች ዘርዝር" የሚል ጥያቄ አወጡ። የሚጠበቀው መልስ አየር ያጸዳል፣ ለማገዶ ይሆናል፣ ለቤት መሥሪያ ያገለግላል የሚል ነበር። አንድ ልጅ ግን ከዚያ ፋንታ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ከቤታችን ጀርባ ያለውን ብርብራ አያቴ የተከሉት አባቴ የተወለደ ዓመት ነው። እኛ አንቆርጠውም።" መልሱ ዜሮ ተሰጠው። ወረቀቱን ሳየው ስላላስቻለኝ ልጁን አስከትዬ ቤታቸው ሄድሁ። አባቱ ቡና አቅርበው ከተቀበሉኝ በኋላ ልጃቸውን "ለእትዬ ማሳውን አሳያቸው" አሉት። ያ ልጅ የእንሰቱን ዓይነት በየስሙ እየጠራ፣ ይኸኛው ለቆጮ፣ ይኸኛው ለተሰበረ አጥንት፣ ይኸኛው ለከብት እያለ፣ የትኛው በስንት ዓመት እንደሚደርስ፣ የትኛውን ማን እንደተከለው እየነገረ ማሳውን አዞረኝ። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዛሬ የሚተክል ሰው የሚተክለው ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ ረሃብ ነው። ያ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል። ወገኖቼ፣ እውነት ይህ ልጅ የዛፍን ጥቅም አያውቅም? አካባቢ ሳይንስስ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያስተምረው ይችላል?

ያ ልጅ ያቀረበው መልስ ከመጽሐፉ መልስ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። መጽሐፉ ዛፉ ለእኛ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል፤ ልጁ ግን እኛ ለዛፉ ያለብንን ተናገረ።

ወደ ቦረና ብንወርድ ይኸው ነገር በውኃ ዙሪያ አለ። የቦረና ቱላ ኤላዎች በሰው ጉልበት የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር የሚደርስ አለ። ውኃውን ለማውጣት ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ቆመው ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ፤ እያቀባበሉም ያዜማሉ፤ ዜማው የእጃቸውን ስልት ይጠብቃል። ጉድጓዱ የጎሣ ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስን ኃላፊ አለ፤ ውኃ የሚያገኘው ደግሞ በጉድጓዱ ቁፋሮና ጥገና የተሳተፈ ነው። እዚያ ያለ ልጅ የወገን ትርጉም የሚገባው በድርቅ ጊዜ ተራውን ሲጠብቅና ለሌላው ቤተሰብ ከብት ውኃ ሲያቀብል ነው።

ስለ ሲዳማ ቀደም ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መልሱን ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው የፊቼ ጫምባላላ በዓል አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ መርምረው ቀኑን ከወሰኑ በኋላ፣ ሽማግሌዎች ሕዝቡ ተግቶ እንዲሠራ፣ ታላላቆችን እንዲያከብርና እንዲረዳ፣ አገር በቀል ዛፎችን እንዳይቆርጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰክርና እንዳይሰርቅ ይመክራሉ። ልብ በሉልኝ፤ ዛፍ መቁረጥና በሐሰት መመስከር በአንድ ምክር ውስጥ ተቀምጠዋል። በዕለቱ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ጎረቤቱን ይመርቃሉ፤ በየቤቱም ቡርሳሜ የተባለውን ባህላዊ ምግብ ይበላሉ። አንድ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ ያንኳኳል፤ ኮከብን፣ ዛፍንና ጎረቤትን በአንድ በዓል ይማራል።

የሰሜኑ ሰው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደን አለው። ጎጃምና ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው በተራቆተ መሬት መሐል ክብ ክብ ሆነው የቆሙ አረንጓዴ ደኖችን ያያል፤ በእያንዳንዳቸው መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። እነዚህን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከየአጥቢያው ሰዎች ጋር ተባብረው ደኖቹ ከከብት ንክኪ እንዲጠበቁ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ብዙ ደክመዋል። በልጅነታችን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጭራሮ ለቅሞ ወደ ቤቱ የሚወስድ አልነበረም። ማንም ዘበኛ አልቆመብንም፤ ነገር ግን ያ ደን የእኛም የሙታኖቻችንም መሆኑን እናውቅ ነበር፤ አያቶቻችን እዚያው ተቀብረዋልና።

እንግዲህ ስለ አረንጓዴ ዐሻራ ጥቂት ልናገር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ልጆቻችን ችግኝ ይተክላሉ፤ ይህ መልካም ነው፤ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ተክያለሁ። ነገር ግን በበጋ ያንኑ ልጅ "የተከልኸው ዛፍ ስሙ ማን ነው? በጥርና በየካቲት ማን አጠጣው?" ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ መልሱን ካላወቀ ያ ዛፍ የእርሱ ዘመድ አልሆነም ማለት ነው። ከመቶ ችግኝ ይልቅ አንድ ልጅ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚጠብቀውን አንድ ዋንዛ እመርጣለሁ። በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የሚቀበለው፣ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ለአዲስ ገቢ የሚያስረክበው ዛፍ ይኑር፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ፦ ይህን የሚያስተምረው ማን ነው?

መምህሩ ብቻውን አይችልም፤ ሊችልም አይጠበቅበትም። የኒውዚላንድን ነባር ሕዝብ፣ የማኦሪዎችን ታሪክ ልጥቀስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣ ሕግ በተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች የማኦሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ተደረገ፤ በቋንቋቸው ሲናገሩ የተገኙ ልጆች ይቀጡ ነበር። ከጥቂት ትውልድ በኋላ አያትና የልጅ ልጅ መግባባት ተሳናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሃንጋ ሬኦ የተባሉትን መዋእለ ሕፃናት ሲከፍቱ ያደረጉት ነገር ቋንቋውን የሚያውቁ አረጋውያንን ከሕፃናቱ ጋር ማዋል ነበር። የማኦሪ ልጅ ራሱን በሥርዓት ሲያስተዋውቅ በመጀመሪያ የተራራውን፣ ቀጥሎ የወንዙን፣ ከዚያም የነገዱንና የቤተሰቡን ስም ይናገራል፤ የራሱ ስም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዋንጋኑይ የተባለው ወንዝ በሕግ ሰውነት እንዲኖረው፣ ማለትም እንደ ሰው መብት ያለው ሆኖ እንዲቆጠር፣ የአገሪቱ ፓርላማ ወሰነ። ይህ ሕግ ከጠበቆች ክርክር ብቻ የተገኘ አይደለም፤ ወንዙን ከቅድመ አያቶቻቸው እንደ አንዱ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታክቱ የጠየቁት ነው።

እኛም አረጋውያኑን ወደ ክፍል እንጥራ። ግን ለበዓል ቀን ንግግር አንጥራቸው፤ በወር አንድ ጊዜ መጥተው አንድ ሥራ ያሠሩ። አንዲት እናት ሰፌድ ስትሰፋ አለላው ከየትኛው ሣር፣ በየትኛው ወቅት እንደሚለቀም ትንገራቸው። አንድ አባት ገመድ ሲፈትሉ ልጆቹ አብረው ይፍተሉ። ለመጡበትም አበልና ክብር ይሰጣቸው፤ ዕውቀት ያለው ሰው በነፃ የሚለፋበት ምክንያት የለም።

አንዳንድ ወላጆች "ይህ ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ከልብ የመነጨ ስለሆነ ከልብ ልመልስ። መምህር በክፍል ውስጥ የማንንም ሕዝብ የአምልኮ ሥርዓት መምራት የለበትም፤ ያ የባለቤቶቹ ነው። ነገር ግን የጎረቤቴ ሕዝብ ለምን ያንን ዛፍ እንደማይቆርጥ ማወቅ እምነቴን አይነካም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ምድርን በአደራ እንደተቀበለ ያምናል። ልጁ የጎረቤቱን አደራ ሲያውቅ የራሱንም አጥብቆ ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

የከተማ ልጆችስ? "የእኛ ልጆች በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ የትኛውን ምድር እናሳያቸው?" የሚል ሐሳብ በልባችሁ ሳይኖር አይቀርም። አዲስ አበባ ወንዝ አላት። ቀበና አለ፤ ግንፍሌ አለ፤ ባንትይቀጡ አለ። ልጆቻችን እነዚህን ወንዞች የሚያውቋቸው አፍንጫቸውን ይዘው በሚያልፉበት ድልድይ ነው። እነዚህ ውኃዎች ግን ወዴት ነው የሚሄዱት? ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ በዚያ ውኃ ያጠጣል፤ ያንን ጎመን ደግሞ እኛው ገዝተን እንበላለን። ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ፣ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እኛ ቀበና ላይ የጣልነው ቆሻሻ የሚያገኘው ሰው አለ፤ የአቃቂ ገበሬ ነው፤ የመተሐራ ሠራተኛ ነው፤ ግመሉን የሚያጠጣ የአፋር ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከአፋር ልጅ ጋር በውኃ ተዛምዷል፤ ይህን ዝምድና ግን ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ ለዘንድሮ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ካለው ወንዝ አንዱን ክፍል የራሱ ያድርግ። ልጆቹ ከመምህራቸው ጋር ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ሄደው ይዩት፤ የውኃውን ቀለም ይመዝግቡ፤ በዳሩ የበቀለውን ይጻፉ። ከወንዙ አጠገብ ያረጁ እናቶችን ልብስ ያጥቡበት ስለነበረው ጊዜ ይጠይቁ። ቆሻሻ የሚለቀው ማን እንደሆነ አይተው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በራሳቸው እጅ ደብዳቤ ይጻፉ፤ መልስ እስኪያገኙም ደጋግመው ይጻፉ። ወንዙ ቁልቁል ከሚያልፍበት ከአቃቂ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግረው ያዩትን ይለዋወጡ። አደገኛ ቦታ ስላለ ያለ አዋቂ አይውረዱ፤ ውኃውንም በባዶ እጃቸው አይንኩ።

ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ርእሳነ መምህራን ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በጀርባው ክፍል እንገናኝ፤ የትኛው ትምህርት ቤት የትኛውን የወንዝ ክፍል እንደሚይዝ ዛሬውኑ እንከፋፈል። አመሰግናለሁ።